ፓርቲሽን ተነክቶ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ፎርማት አይገባውም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የቴክኖሎጂ አምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ፣ ብዙ ጊዜም እማርበታለሁ። ሰሞኑን ግን አንድ አንባቢ «ሲ ድራይቭ ሞልቶብኝ ከዲ ላይ ቦታ ቀንሼ ጨመርኩለት፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ለጠየቀው የተሰጠውን መልስ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም። ፎርማት አድርገህ ዊንዶውስ እንደገና ጫን። መልሱ ይሄው ነው። ፋይሎቹ ምን ይሆናሉ? ስለ እነሱ አንድም ቃል የለም።

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ፓርቲሽን ነካክተው አልነሳ ያላቸው ሰዎች በብዛት ይመጡልኛል። አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉ ውስጡ ነው፣ ሌላዋ የልጆቿ ፎቶ፣ ሌላው የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ። ዲስኩን ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ቦታቸው ላይ አሉ። ፋይል የሚጠፋው ኮምፒውተሩ አልነሳም ባለበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በድንጋጤ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ «ፎርማት» የሚለው ምክር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ይህንን ነው በዝርዝር ላስረዳ የፈለግኩት፣ ትንሽ ረዘም ቢል ታገሱኝ።

ፓርቲሽን ስንል የዲስኩ አንድ ክፍል ማለታችን ነው፤ ክፍሎቹ የሚታወቁት ዲስኩ መጀመሪያ ላይ በተጻፈ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው። ይህኛው ክፍል ከዚህ ሴክተር ይጀምራል፣ እዚህ ድረስ ይሄዳል ይላል፣ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 በመጣው፣ ኤምቢአር በሚባለው የድሮ አሠራር ሰንጠረዡ 64 ባይት ብቻ ነው፤ አራት መስመር፣ እያንዳንዱ 16 ባይት። ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ አሠራር ብዙውን ጊዜ ለ128 ፓርቲሽን ቦታ አለው፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የሰንጠረዡን ቅጂ ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የመጽሐፍ ማውጫ ተቀደደ ማለት ገጾቹ ተቀደዱ ማለት አይደለም። እዚህም እንደዚያው ነው፤ ሰንጠረዡ ተሳስቶ ወይም ተቀይሮ ኮምፒውተሩ መንገድ ሲጠፋበት ፋይሎቹ የትም አልሄዱም።

እንግዲህ መጠን ሲቀየር ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይለየው አንድ ነገር አለ። የፓርቲሽንን መጨረሻ መንካትና መነሻውን መንካት ሰማይና ምድር ናቸው። መጨረሻውን ወደ ፊት መግፋት በደቂቃ የሚያልቅ ቀላል ሥራ ነው። መነሻውን ማንቀሳቀስ ግን እዚያ ውስጥ ያለውን ዳታ በሙሉ ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው፣ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ሰዓታት ይወስዳል፣ በመሃል መብራት ቢጠፋ ወይም ባትሪው ቢያልቅ ግማሹ አዲሱ ቦታ ላይ ግማሹ አሮጌው ቦታ ላይ ይቀራል። ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄኛው ነው።

አሁን የጠያቂውን ነገር እንየው። ሲ ከፊት ነው፣ ዲ ከኋላው። ከዲ ተቀንሶ ለሲ ሲሰጥ የሲ መጨረሻ ወደ ዲ በኩል ይሰፋል፣ የሲ መነሻ ግን አይነካም። መነሻው የተንቀሳቀሰው የዲ ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ራሱ ያለበት ሲ ብዙም የሚያሰጋ ነገር አልደረሰበትም ማለት ነው። መጠርጠር ያለበት በሁለቱ መሃልና ከፊታቸው ያሉት ትንንሽ ፓርቲሽኖች ምን እንደሆኑ ነው። የዊንዶውስ የራሱ መሣሪያ ሲ ላይ ቦታ የሚጨምረው ያልተመደበው ቦታ ሲን ተከትሎ ከተቀመጠ ብቻ ነው። በመሃል የሪከቨሪ ፓርቲሽን ካለ «ኤክስቴንድ» የሚለው ደብዝዞ ይቀራል። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? መንገድ የዘጋውን ያጠፋዋል። ያጠፋው ሪከቨሪውን ከሆነ ዊንዶውስ ይነሳል፣ የሚያጣው የማገገሚያ መሣሪያዎቹን ነው። ነገር ግን እዚያው ሰፈር ሌላ 100 ሜጋባይት አካባቢ የሆነች፣ ስምም ፊደልም የሌላት ፓርቲሽን አለች፣ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የማስነሻ አሠራር ያላቸው ኮምፒውተሮች የሚነሱት ከእሷ ነው። «ይቺ ደግሞ ምን ትሠራለች» ተብላ አብራ ከተጠረገች ኮምፒውተሩ በማግስቱ የሚነሳበት ነገር የለውም። ሲ ውስጥ ያለው ግን አንድም አልተነካም!

ይህቺን ፓርቲሽን መልሶ መሥራት ደግሞ የሚቻል ነገር ነው። የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ያስፈልጋል፣ ለመጫን ሳይሆን ለጥገና። ከፍላሹ ተነስቶ የትእዛዝ መስኮቱን ይከፍታል፣ ባዶው ቦታ ላይ ትንሽ ፓርቲሽን ፈጥሮ በፋት32 ፎርማት ያደርጋታል፣ ከዚያ «ቢሲዲቡት» የሚባለውን ትእዛዝ የዊንዶውስ ፎልደሩ ያለበትን ድራይቭና የአዲሷን ፓርቲሽን ፊደል ሰጥቶ ያዘዋል። ትእዛዙ የማስነሻ ፋይሎቹን ከዊንዶውስ ፎልደር ገልብጦ እዚያ ያስቀምጣል፣ ለፈርምዌሩም (ሁሉም ሰው ባዮስ ለሚለው) አዲሱን አድራሻ ይነግረዋል። ይኸው ነው። ፎርማት የተደረገችው ያቺ ትንሿ ብቻ ናት። አንድ ነገር ግን ልብ ይባል፤ ከፍላሽ ሲነሱ የድራይቭ ፊደሎቹ ይቀያየራሉ። ቤት ውስጥ ሲ የነበረው እዚያ ዲ ወይም ኢ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ሲ» ላይ ትእዛዝ ሰጥቶ «አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ይባስ ብሎ ያልሆነውን ፓርቲሽን ያጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ዲስክፓርት» ከፍቶ «ሊስት ቮልዩም» ማለት፣ መጠናቸውን እያዩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ መጻፍ። ፊደል አይታመንም፣ መጠን ነው የሚታመነው።

ስለ ዊንዶውስ ካነሳሁ ዘንዳ፣ 0ኤክስሲ000000ኢ ወይም 0ኤክስሲ0000225 የሚል ኮድ ያለበት ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ ሰው ይደነግጣል። ነገሩ ግን እንደሚያስፈራራው አይደለም። አስነሺው ፕሮግራም ተገኝቷል፣ ሥራውንም ጀምሯል፣ ዊንዶውሱን ሊጠራ ሲሄድ ግን በተሰጠው አድራሻ አላገኘውም። ዊንዶውስ የማስነሻ መረጃውን ቢሲዲ በሚባል ፋይል ይዞታል። በኤምቢአር ዲስክ ላይ ቢሲዲ ፓርቲሽኑን የሚያውቀው በዲስኩ መለያ ቁጥርና በፓርቲሽኑ መነሻ ቦታ ነው፤ የሲ መነሻ ከተንቀሳቀሰ አድራሻው ይሳሳታል። በጂፒቲ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፓርቲሽን የራሱ ረጅም መለያ አለው፣ ፓርቲሽኑን አጥፍቶ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና የፈጠረ ሰው መጠኑን አስተካከልኩ ይበል እንጂ መለያውን ቀይሮታል። ሁለቱም የሚድኑት አድራሻውን በማደስ ነው፣ ያው በ«ቢሲዲቡት» ወይም በ«ቡትሬክ»። «ቡትሬክ ፊክስቡት» ሲባል ፈቃድ የለህም ብሎ የሚመልስበት ጊዜ አለ፣ ዩኢኤፍአይ ላይ የተለመደ ነው፣ አያስደነግጥ፤ «ቢሲዲቡት» ሥራውን ይሠራዋል።

አንድ ሌላ ወጥመድ ላንሳ። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት አንዳንዴ ያልተጎራበተ ቦታ ልትጨምር ስትል አንድ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ዲስኩን ወደ «ዳይናሚክ» እቀይረዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አሁን ከምትጠቀምበት በስተቀር ሌላ ሲስተም ከዚህ ዲስክ ላይ ማስነሳት አትችልም ይላል። ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተጽፏል። ሰው ግን «የስ» የሚለውን መጫን ስለለመደ ሳያነብ ይጫነዋል። ጎን ለጎን ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ሲስተም የጫነ ሰው በዚያች አንዲት ጠቅታ ሊኑክሱን ማስነሳት ያቅተዋል። እባካችሁ ይህንን በአምዳችሁ ብታነሱት ብዙ ሰው ትጠቅማላችሁ።

ወደ ሊኑክስ ልምጣ፤ ተጠቃሚው ጥቂት አይደለም፣ ምክር ግን እምብዛም አያገኝም። ኮምፒውተር ሲከፈት ሥራው በቅብብል ነው። ፈርምዌሩ ዲስኩን ይፈልጋል፣ ቡትሎደሩን (አስነሺውን ፕሮግራም) ይጠራል፣ ቡትሎደሩ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ይጭናል፣ ከርነሉ ዋናውን ፓርቲሽን ፈልጎ ይከፍታል፣ ከዚያ ቀሪዎቹ ፓርቲሽኖች በየቦታቸው ይያያዛሉ። የተበላሸው አንዱ ጋ ነው። የትኛው ጋ እንደሆነ ደግሞ ስክሪኑ ይናገራል። «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ካለ ገና ከበሩ ነው የቆመው፣ ፈርምዌሩ የሚያስነሳው ነገር አላገኘም። «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጥቁር ስክሪን ከመጣ ቡትሎደሩ ተነስቷል፣ የቀሩትን የራሱን ፋይሎች ግን አላገኘም። «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ከሆነ ከርነሉ ተጭኗል፣ ዋናው ፓርቲሽን ነው የጠፋበት። «ኢመርጀንሲ ሞድ» ካለ ደግሞ ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል ደህና ነው፣ አንድ ፓርቲሽን ብቻ ሳይገኝ ቀርቷል። ይህን የለየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨረሰ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ።

«ግረብ ሬስኪዩ»ን ቀረብ ብለን እንየው፣ ሰው በጣም የሚፈራው እሱን ስለሆነ። በኤምቢአር ዲስክ ላይ ግረብ (የሊኑክስ ቡትሎደር) ፋይሎቹን የሚፈልገው በፓርቲሽን ቁጥር ነው፣ ለምሳሌ አምስተኛው ላይ ብሎ ነው የሚያስታውሰው። አምስተኛው ጠፍቶ ቦታው ሲጨመር ስድስተኛ የነበረው አምስተኛ ይሆናል፣ ሰባተኛው ስድስተኛ። ግረብ በአሮጌው ቁጥር ሄዶ ሲያንኳኳ ወይ ማንም የለም ወይ ሌላ ነው ያለው። «ኖ ሰች ፓርቲሽን» ወይም «አንኖውን ፋይልሲስተም» የሚለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ከዚያው ጥቁር ስክሪን ይጀምራል። «ኤልኤስ» ብሎ መጻፍ፤ የፓርቲሽኖቹን ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ አንድ በአንድ እየተባለ «ኤልኤስ» ከፓርቲሽኑ ስም ጋር፣ መጨረሻው ላይ የመከፋፈያ ሰረዝ (/) ተጨምሮ። «ቡት» የሚባለው ፎልደር የታየበት እሱ ነው። ሲገኝ «ሴት ሩት» እና «ሴት ፕሪፊክስ» በሚሉት ሁለት መስመሮች አዲሱን አድራሻ መንገር፣ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ቀጥሎ «ኖርማል»። የለመድነው የምርጫ ገጽ ብቅ ይላል። ይህ ግን ለዚያች ሰዓት ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ዳግም ሲከፈት ይረሳዋል። ስለዚህ ሲስተሙ እንደተነሳ ወዲያው ግረብን ዲስኩ ላይ እንደገና መጫንና ዝርዝሩን ማደስ ግድ ነው። ይህን ሳያደርግ ኮምፒውተሩን የዘጋ ሰው እንደገና ያው ጥቁር ስክሪን ይጠብቀዋል።

ዲስኩ ጂፒቲ ሆኖ ኮምፒውተሩ በድሮው ባዮስ አሠራር የሚነሳ ከሆነ ደግሞ አንዲት 1 ሜጋባይት የምታክል፣ ምንም ፋይል ሲስተም (ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) የሌላት ፓርቲሽን አለች። ባዶ ትመስላለች። ግረብ የሚኖረው ግን እዚያ ውስጥ ነው። አትንኳት።

«ኢመርጀንሲ ሞድ» ያልኩትስ? እዚህ ጋ ኮምፒውተሩ ለአንድ ደቂቃ ተኩል አንድን ዲስክ ሲጠብቅ ይቆያል፣ ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ሲቆጥር ይታያል፣ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ፓስወርድ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እንደገና የተፈጠረ ፓርቲሽን ነው። ሰው ቦታ ለማግኘት አንድ ፓርቲሽን አጥፍቶ አነስ አድርጎ ሌላ ይፈጥራል፣ አዲሱ አዲስ መለያ ይዞ ይመጣል፣ ፓርቲሽኖቹ የተመዘገቡበት «ኤፍስታብ» የሚባለው ፋይል ውስጥ ግን የተጻፈው የአሮጌው መለያ ነው። «ብሎክአይዲ» ብሎ ትክክለኛውን መለያ ማየት፣ ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር ማስተያየት፣ ማረም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህ ብሎ ሲስተም እንደገና የጫነ ሰው አውቃለሁ፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ፓርቲሽን ሲቀነስ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ውስጡ ያለው ፋይል ሲስተም ይቀነሳል፣ ከዚያ ፓርቲሽኑ። ሲጨመር በተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ ፓርቲሽኑ ይሰፋል፣ ከዚያ ፋይል ሲስተሙ ይዘረጋል። እንደ ጂፓርትድ ያሉ መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ይጠብቃሉ። በእጅ የሚሠራ ሰው ግን ፓርቲሽኑን ብቻ ቆርጦ ከተወው ፋይል ሲስተሙ ከተሰጠው ቦታ ይበልጣል። ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ ያን ጊዜ ሊኑክስ ሲፈትሽ ሁለት ቁጥሮች ያወጣል፤ ፋይል ሲስተሙ ይህን ያህል ብሎክ ነኝ ይላል፣ ዲስኩ ላይ ያለው ግን ይህን ያህል ነው ይላል፣ አንዱ ተሳስቷል፣ ላቋርጥ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የዚህች ጥያቄ መልስ አዎ ነው። አቋርጥ! «አይ ቀጥል» ያለ ሰው ጥገናውን በተቆረጠ ፓርቲሽን ላይ ያስኬደዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው እውነተኛው ጥፋት የሚመጣው። ትክክለኛው መንገድ የመጀመሪያውን ቁጥር ማመን ነው፤ ፓርቲሽኑን መልሶ ቢያንስ ያንን ያህል ማስፋት። የተቆረጠው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት ሁሉም ነገር እንደነበረ ይመለሳል። ዊንዶውስ ላይም ተመሳሳይ ነው፣ ድራይቩ በድንገት «ሮው» (ፋይል ሲስተሙ ያልታወቀ) ይሆንና ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል። እሺ አይባልም።

ሰንጠረዡ ራሱ ከጠፋ ወይም ፓርቲሽኑ የት እንደነበረ ካልታወቀ ቴስትዲስክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር እየፈለገ የቀድሞ ፓርቲሽኖችን መነሻና መድረሻ ያወጣል፣ ውስጣቸው ያሉትን ፋይሎችም ያሳያል። ፋይሎቹ በስማቸው ከታዩ ሰንጠረዡን እንዲጽፍ ማዘዝ ነው። ካልታዩ አለመጻፍ። በጂፒቲ ዲስክ ላይ ደግሞ ጂዲስክ የሚባለው መጨረሻ ላይ ያለውን ቅጂ አምጥቶ የፊተኛውን ማደስ ይችላል።

በድንጋጤ ሰዓት ሰው የሚሠራቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ባዮስ ውስጥ ገብቶ የሚያገኘውን ሁሉ ይቀያይራል። ዩኢኤፍአይ የነበረውን «ሌጋሲ» (የድሮው ባዮስ አሠራር) ያደርገዋል፣ የዲስኩን አሠራር ከ«ሬይድ» ወደ «ኤኤችሲአይ» ይለውጠዋል። በዚህ ጊዜ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል፣ የመጀመሪያው ቢስተካከል እንኳን ሁለተኛው አያስነሳውም። ባዮስ ውስጥ ያለውን ማየት ይቻላል፣ መቀየር ግን አያስፈልግም። የጥገናው ፍላሽም ሲስተሙ በተጫነበት አሠራር መነሳት አለበት፤ በዩኢኤፍአይ የተጫነን ነገር በሌጋሲ ከተነሳ ፍላሽ ሆኖ መጠገን ትርፉ ድካም ነው።

ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ) ያለበት ኮምፒውተር ደግሞ የማስነሻ ፋይሎቹ ሲነካኩ 48 አሃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ በሙሉ ዲስኩ ላይ ቢኖሩም አይከፈቱም፣ ማንም ባለሙያ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው ምስጠራው በርቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ፓርቲሽን ከመንካት በፊት ቁልፉ የት እንዳለ ማረጋገጥ፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ መፈለግ፣ ወረቀት ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ቢትሎከሩን ለጊዜው ማቆም።

ዊንዶውስንም በደንብ ሳይዘጉ ከሌላ ሲስተም ሆኖ መጠን መቀየር ጥሩ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባል ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ የተዘጋ ይመስላል እንጂ የሲስተሙ ትውስታ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። በዚያ መሃል ፓርቲሽኑ ከተቀየረ፣ ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያስታውሰው የድሮውን ነው፣ በዚያው አስቦም ይጽፋል። «ሪስታርት» ማለት ከ«ሻትዳውን» በተሻለ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው።

ፎርማትን ይህን ያህል የምቃወምበትን ምክንያትም ልናገር። ድሮ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ፈጣን ፎርማት ሲደረግ አብዛኛው ፋይል ከሥር ይቀር ነበር፣ በማስመለሻ ፕሮግራም ብዙ ነገር ይገኛል። አሁን ግን ብዙው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ነው። ዊንዶውስ ኤስኤስዲን ፎርማት ሲያደርግ «ትሪም» የሚባል ትእዛዝ ይልክለታል፣ እነዚህ ቦታዎች ከእንግዲህ አያስፈልጉም ይለዋል፣ ዲስኩም ያጸዳቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም። በዚህ ዘመን ለማይታወቅ አንባቢ ፎርማት አድርግ ብሎ መምከር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንድታስቡበት እለምናችኋለሁ።

የማይድንም አለ፣ አልዋሽም። የፓርቲሽን መነሻ እየተንቀሳቀሰ ሳለ መብራት የጠፋበት ዲስክ፣ ወይም ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ፣ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሲነበብ የሚንጠለጠል ከሆነ፣ እዚያ ላይ ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ መፈተሻ ማስኬድም ሆነ መጠገን አይገባም። መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፣ ዲዲሬስኪዩ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው፣ የማይነበበውን እየዘለለ ደህናውን ቀድሞ ያወጣል፣ ከዚያ በቅጂው ላይ መሥራት። ዋናው ዲስክ ያርፋል።

ወደ አንባቢያችሁ ልመለስ። እስካሁን ፎርማት ካላደረገ ገና አልረፈደም። ከሊኑክስ ፍላሽ ኮምፒውተሩን ያስነሳ፣ «ትራይ» የሚለውን ይምረጥ፣ «ኢንስቶል» አይንካ። ሲንና ዲን ከፍቶ ይያቸው፣ ከተቻለም ለማንበብ ብቻ አድርጎ ይክፈታቸው። የሚፈልገውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገልብጥ፣ በተለይ ዲ ላይ ያለውን፣ የተንቀሳቀሰው እሱ ነውና። ከዚያ ሦስት ነገር ይላክላችሁ፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ፎቶ፣ ዲስኩ ኤምቢአር ይሁን ጂፒቲ፣ እና አሁን ያሉት ፓርቲሽኖች ዝርዝር ከነመጠናቸው። በምን መሣሪያ መጠኑን እንደቀየረና ሥራው እስከ መጨረሻው ሄዶ እንደነበር ቢጨምርበት ደግሞ የበለጠ ይረዳል። እነዚህ ከተገኙ መልሱን ከአምዱ አዘጋጅ ጋር አብሬ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ፣ ጊዜዬን በደስታ እሰጣለሁ። እስከዚያው ግን «ፎርማት አድርግ» የሚለውን ምክር በሚቀጥለው እትማችሁ ብታነሱት፣ ቢያንስ «መጀመሪያ ፋይሎችህን አውጣ» የሚል አንድ መስመር ብትጨምሩበት፣ ጋዜጣውን አምኖ ዛሬ ማታ ፍላሽ ለሚሰካ ሌላ ሰው ይደርስለታል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ